ምዕራፍ ሰባት፦ ያልተገኙበት ድርድር

በ2011 የውድድር ዘመን መቐለ 70 እንደርታ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር። ዋና አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ከአንድ ዓመት በፊት ጅማ አባ ጅፋርን ለተመሳሳይ ክብር ያበቁ ሰው ናቸው። አጥቂው አማኑኤል ገብረሚካኤል ደግሞ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። እንዲህ ካለ ዓመት በኋላ ክረምቱ የተጫዋች ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ደላላው ይመጣል፣ ዓመቱን ሙሉ በልምምድ ሜዳ የፈሰሰው ላብ ዋጋው የሚነገርበት ጊዜ ይደርሳል።

በዚያው ክረምት ግን ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያታቸው ከንቱ አልነበረም። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት ከመንግሥት በጀት ነው፤ የከተማ አስተዳደር፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። ከተመልካች የሚሰበሰበው የመግቢያ ገቢ ከደመወዙ አጠገብ የሚቆም አይደለም። ወጪውን መግታት ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው በአካሄዱ ነው። የአንድ ሙያ የደመወዝ ጣሪያ ሲቆረጥ፣ ያ ጣሪያ ከባለሙያዎቹ ጋር ተደራድሮ በተፈረመ የኅብረት ስምምነት የመጣ አልነበረም። አሠሪዎች እርስ በርስ ተስማሙ፤ ተቀጣሪው ውጤቱን ሰማ።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ዓይነት ድርድር ነው። አሠሪና ሠራተኛ ሲጣሉ፣ ወይም አሠሪ ብቻውን ሲወስን፣ ገና ያልተቀጠረው ሰው ምን ይሆናል? በ2011 ክረምት ከኲሓ ወይም ከዓይደር ሰፈር ወጥቶ የመጀመሪያ ውሉን ሊፈርም የነበረ የ18 ዓመት ልጅ ስለ ጣሪያው የጠየቀው አልነበረም፤ የሙያ ዘመኑን የጀመረው ግን ከጣሪያው ሥር ነው። ይህን ጉዳይ ከየትኛውም ቦታ አጉልቶ የሚያሳየው በአሜሪካ ስፖርት ውስጥ ያለው ድራፍት የሚባለው ሥርዓት ስለሆነ፣ ጥቂት ርቀን መሄድ አለብን።

ድራፍት ማለት አዲስ ተጫዋቾችን በወረፋ መከፋፈል ነው። በኛ አገር አንድ ታዳጊ ከመቐለም፣ ከሐዋሳም፣ ከአዲስ አበባም የቀረበለትን አመዛዝኖ የፈለገበት ይፈርማል። በድራፍት ሥርዓት ግን ክለቦች በየዓመቱ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ስሙ የተጠራው ተጫዋች በዚያ ሊግ ውስጥ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ክለብ ጋር ብቻ ነው። የሚኖርበትን ከተማ አይመርጥም፤ ሁለተኛ ዋጋ የሚያቀርብለት ክለብም የለም።

ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ኢግልስ ክለብ ባለቤት ነው። ክለቡ ደካማ ነበር፤ ጎበዝ የኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ሀብታሞቹ ክለቦች ይሄዱበት ነበር። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ሐሳቡን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ድራፍት በፌብሩዋሪ 1936 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ አካሄደ። በዚያ ቀን አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ሌላ ሥራ ውስጥ ገባ። በደመወዝ አልተስማማም፤ ሌላ ክለብ ጋር ሄዶ መደራደር ደግሞ አይችልም ነበር። የድራፍት ሁለት ገጾች በመጀመሪያው ቀን አብረው ታዩ ማለት ነው፦ ደካማ ክለብ ያጠናክራል፣ የተጫዋችን ዋጋ ያወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥያቄ ይነሳል፤ የዚህ ምዕራፍ ቋጠሮም እሱ ነው። በማክሰኞ ገበያ ያሉ የእህል ነጋዴዎች ተሰብስበው «የዚህ ገበሬ ጤፍ ያንተ ነው፣ የዚያኛው የኔ ነው፣ አንዳችን በአንዳችን ላይ ዋጋ አንጨምርም» ቢባባሉ ሕገ ወጥ ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑና ገበያ እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። አሜሪካም ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸርማን የተባለው ሕግ አላት። ታዲያ 30 ክለብ ተሰብስቦ ወጣቶችን ሲከፋፈል ለምን አይከሰስም?

ተከስሷል፤ ተሸንፏልም። ጄምስ ስሚዝ የተባለ ተከላካይ በ1968 የዋሽንግተን ክለብ መርጦት ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ አንገቱ ላይ ተጎድቶ የስፖርት ሕይወቱ አበቃ። በነጻ ገበያ ተደራድሬ ቢሆን ለጉዳት ዋስትና የሚሆን ውል እፈርም ነበር ብሎ ከሰሰ። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1978 የያኔው ድራፍት የውድድር ሕግን ይጥሳል ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ግን ድራፍት አልጠፋም። ምክንያቱም በ1977 የተጫዋቾች ማኅበርና ክለቦቹ በፈረሙት የኅብረት ስምምነት ውስጥ ድራፍቱ አንድ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ይላሉ፦ አሠሪዎች ብቻቸውን ተስማምተው ቢያደርጉት የሚያስጠይቃቸውን ነገር ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው ከተቀበሉት፣ የሠራተኛ ሕጉ ከለላ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ድራፍቱን ሕጋዊ የሚያደርገው የሠራተኛው ፊርማ ነው። ፊርማው ሲያልቅ ወይም ሳይኖር ሲቀር ድራፍቱ ከለላውን ያጣል። የሥራ ክርክር ድራፍትን የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

ይህን ማየት ለሚፈልግ የ2011 እ.ኤ.አ. የኤንኤፍኤል ጸብ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ሊጉ በዓመት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባ ነበር። ባለቤቶቹ ገቢው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ከላይ የሚያነሱትን ድርሻ በተጨማሪ 1 ቢሊዮን ዶላር ማሳደግ ፈለጉ፤ የጨዋታውን ቁጥርም ከ16 ወደ 18 ማብዛት። ተጫዋቾቹ እምቢ አሉ። ስምምነቱ በማርች ሲያልቅ የተጫዋቾች ማኅበር ወኪልነቱን በገዛ ፈቃዱ አነሳ፤ ማኅበር ከሌለ የሠራተኛ ሕጉ ከለላ የለም፣ ከለላ ከሌለ ክለቦቹን በውድድር ሕግ መክሰስ ይቻላል በሚል ስሌት። ቶም ብሬዲና ባልደረቦቹም በሚኒሶታ ክስ መሠረቱ። ባለቤቶቹ በበኩላቸው በማርች 12 በሩን ዘጉ። በኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቋንቋ ይህ ሥራ መዝጋት ነው፦ ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም የሚያደርገውን አሠሪው በበኩሉ ሲያደርገው።

የሚገርመው ድራፍቱ አለመቅረቱ ነው። ያለቀው ስምምነት ራሱ ካበቃ በኋላ አንድ ድራፍት እንዲካሄድ ይፈቅድ ነበር። ከኤፕሪል 28 እስከ 30 በኒውዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ 254 ወጣቶች ተመረጡ፤ ሆኖም የሚያሠራ ሊግ አልነበረም። የሊጉ ኃላፊ ሮጀር ጉዴል መድረኩ ላይ ሲወጡ ተመልካቹ «ጨዋታችንን እንፈልጋለን» እያለ ጮኸባቸው። በሌላው ዓመት ክለቦች በድራፍቱ ቀን ነባር ተጫዋችን በአዲስ የመምረጥ ተራ ይለውጣሉ፤ በዚያ ዓመት ሊለዋወጡ የቻሉት ተራን በተራ ብቻ ነው፣ ነባሮቹ በሩ ተቆልፎባቸዋልና።

አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን የካሮላይና ፓንተርስ አዲስ መሪ ተጫዋች ነበር። ከድራፍቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በሚኒሶታ ዳኛ ሱዛን ኔልሰን በሩ እንዲከፈት አዘው ነበርና፣ በኤፕሪል 29 ክለቦች ለአንድ ቀን ከፈቱ። ኒውተን በዚያ ክፍተት ገብቶ የቡድኑን የጨዋታ ዕቅድ መጽሐፍ ተቀበለ። በዚያው ምሽት ይግባኝ ሰሚው ትእዛዙን አገደና በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ቀን እስከ ጁላይ መጨረሻ አዲሱ ሠራተኛ አሰልጣኙን ማነጋገር አይችልም፤ የሕክምና ክፍሉ አይረዳውም፤ ደመወዝም የለውም። ስማቸው ያልተጠራው ደግሞ የባሰ ዕጣ ገጠማቸው። በሌላ ጊዜ ድራፍቱ ባለቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክለቦች እየደወሉ ያስፈርሟቸዋል፤ በ2011 ግን ሦስት ወር ያህል ስልኩ ዝም አለ። ሲከፈት ቡድን ውስጥ ቦታ ለማግኘት የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነበር።

ጸቡ በጁላይ 25 ተፈታ። ገንዘቡ ግን ከየት መጣ? አንዱ መልስ ከአዲሶቹ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። በአዲሱ ስምምነት ለጀማሪዎች ደረጃ ወጣላቸውና ኒውተን የፈረመው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ነው። ነባር ተጫዋቾች በጀማሪ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለነሱ ቢውል ይመርጣሉ፤ ባለቤቶቹም ያልተፈተነ ልጅ ላይ ያን ያህል ማፍሰስ አይፈልጉም። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ያሉት በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ተስማሙ። ሒሳቡን የከፈለው ያልተገኘው ነው። የኒውተንን ደመወዝ ለመቐለ አንባቢ ሳነሳ ለማሳዘን አይደለም፤ 22 ሚሊዮን ዶላር ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን አሠራሩ በ22 ሚሊዮንም በ22 ሺህም ያው ነው።

በ22 ሺህ የተፈጸመውን የምናውቀው ደግሞ ከኛው ወገን በወጣች ልጅ ታሪክ ነው።

ናኦሚ ግርማ በ2000 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ተወለደች። ኳስ የጀመረችው አባቷ ለአካባቢው የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ባቋቋሙት «ማለዳ ሶከር» በተባለ የሰፈር ስብስብ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ልጅም አዋቂም አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኝበት። ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ2019 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነች። በዲሴምበር 18 ቀን 2021 የአሜሪካ የሴቶች እግር ኳስ ሊግ (ኤንደብሊውኤስኤል) ድራፍቱን ሲያካሂድ ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው ስም የሷ ነበር፤ የጠራት አዲስ የተመሠረተው ሳን ዲዬጎ ዌቭ ነው።

በዚያ ቀን ሊጉ የኅብረት ስምምነት አልነበረውም። ሊጉ በ2013 ሲጀምር ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 6 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2021 ገና 22 ሺህ ደርሶ ነበር። በካሊፎርኒያ በ22 ሺህ ዶላር ቤት ተከራይቶ መኖር የማይታሰብ ስለሆነ ተጫዋቾች በጎን ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበሩ በዚያው ክረምት የጎን ሥራ ይብቃን የሚል ዘመቻ ከፈተ። በሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ አሰልጣኝ ለዓመታት በተጫዋቾች ላይ ፈጽሞታል የተባለ ጾታዊ ጥቃት በጋዜጣ ወጣ፤ የሳምንቱ ጨዋታዎች ተሰረዙ፣ የሊጉ ኃላፊ ሊዛ ቤርድ ሥልጣን ለቀቁ። በኦክቶበር 6 ውድድሩ ሲመለስ ተጫዋቾቹ በስድስተኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቁመው በሜዳው መሐል ክብ ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ስድስተኛው ደቂቃ የተመረጠው አቤቱታው ሰሚ እስኪያገኝ የፈጀውን ስድስት ዓመት ለማሰብ ነው። ተጋጣሚ ከተጋጣሚ ጋር፣ ያለ ፉጨት፣ ያለ ጩኸት። ከተጫዋቾች የጋራ እርምጃዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ጸጥ ያለ ኃይል ያየሁ አይመስለኝም።

ናኦሚና እኩዮቿ ለድራፍቱ ስማቸውን ያስመዘገቡት በዚህ መሐል ነው። ኮሮና ባመጣው ለውጥ የተነሳ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ዓመት የመቆየት ምርጫ ነበራቸው። ወደ ሊጉ የሚመጣ ሰው ግን ዝቅተኛ ደመወዙ ስንት እንደሚሆን፣ ከስንት ዓመት በኋላ በነጻ ክለብ መቀየር እንደሚችል፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ሊነገረው አይችልም፤ እነዚህ ሁሉ ገና በድርድር ላይ ነበሩና። ነባር ተጫዋቾቹ ደግሞ ስምምነት ካልተፈረመ ለፌብሩዋሪ 1 በተቀጠረው የዝግጅት ልምምድ አንገኝም ብለው አሳወቁ። ድራፍቱ ለዋና ተከላካይነት የጠራት ልጅ የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ የሥራ ማቆም ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከሕግ አንጻር የሊጉ ሁኔታ ከዚህም የላላ ነበር። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኦሊቪያ ሞልትሪ የምትባል የ15 ዓመት ተጫዋች ከ18 ዓመት በታች መፈረም የሚከለክለውን የሊጉን ደንብ በፍርድ ቤት ተቃወመች። በ2004 የኤንኤፍኤልን ተመሳሳይ የዕድሜ ገደብ የተቃወመው ሞሪስ ክላሬት በይግባኝ ተሸንፏል፤ ደንቡ ከኅብረት ስምምነት ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ፤ ፍርዱን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። ሞልትሪ ግን በ2021 በኦሬገን የእግድ ትእዛዝ አገኘች። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት የኅብረት ስምምነቱ ነው፦ በአንዱ ነበር፣ በሌላው አልነበረም። ሊጉ በዲሴምበር ድራፍት ሲያካሂድ ያ የከለላ ፊርማ ገና አልነበረውም። አንዷ ተመራጭ ብትከሰው ምን ይከራከር እንደነበር ከሞልትሪ መዝገብ መገመት ይቻላል።

የከሰሰ ግን አልነበረም። ስምምነቱ ልምምድ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀር፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2022 ተደረሰ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ22 ሺህ ወደ 35 ሺህ ዶላር ዘለለ፤ የጡረታ ቁጠባ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ረጅም ዓመት ላገለገሉ ተጫዋቾችም በነጻ የመዘዋወር መብት ገባ። ድራፍቱ በዚያ ስምምነት ውስጥ ቀጠለ። ናኦሚ ግርማ በመጀመሪያ ዓመቷ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ ምርጥ ተከላካይም ተብላ ተመረጠች።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በኦገስት 22 ቀን 2024፣ ማኅበሩና ሊጉ የቀድሞው ስምምነት ጊዜ ገና ሳያልቅ አዲስ ስምምነት አወጡ። በዚህኛው ድራፍት ተሰረዘ። ከአሜሪካ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች ድራፍትን በድርድር ያስወገደ የመጀመሪያው ሆነ። ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ ወደ ሌላ ክለብ ማዘዋወርም ቀረ፤ ውሉን የጨረሰ ሁሉ ነጻ ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝም በ2030 ወደ 82 ሺህ 500 ዶላር እንዲያድግ ተፈረመ። ሊጉ ይህን የተቀበለው ከደግነት ብቻ አይመስለኝም። በአውሮፓ ድራፍት የለም፤ ጎበዝ ተጫዋች ከተማዋን ራሷ መምረጥ ከፈለገች ለንደን ወይም ባርሴሎና ትሄዳለች። ናኦሚ ራሷ በጃንዋሪ 2025 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ወደ ቼልሲ ሄደች፤ በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ዝውውር ነው።

አሁን ወደ መቐለ እንመለስ።

እኛ ጋ ድራፍት የለም፤ ማንም ወጣት የትኛውም ክለብ ሄዶ መፈረም ይችላል። ይህ ነጻነት እውነተኛ ነው፣ ላጣጥለው አልፈልግም። ነገር ግን ከናኦሚ ዘመን የአሜሪካ ሊግ ጋር ስናነጻጽረው የጎደለው በሌላ በኩል ነው። እሷ ክለቧን አልመረጠችም፤ ከ2022 በኋላ ግን ማንም ክለብ ሊያጎድለው የማይችል ወለል ከእግሯ ሥር ነበር። የኛ ተጫዋች ክለቡን ይመርጣል፤ ወለል የለውም። «ተጫዋቾች ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ልምምድ አቆሙ» የሚለው ዜና በሊጋችን በየዓመቱ የሚሰማው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው፣ ስለ ሁለት ወይም ሦስት ወር ደመወዝ ልምምድ ያቆማል፤ ሲከፈለው ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ይጀምራል።

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊፋ) የዝውውር ደንብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንቀጽ 14 ቢስ አንድ መሣሪያ ሰጥቷል፦ ክለብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ይጠብቃል፤ ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። በቃል የተጠየቀ ደመወዝ በክርክር ጊዜ ማስረጃ የለውም። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ሥራ ማቆምንም ሥራ መዝጋትንም መብት አድርጎ ያውቃል፤ ከ10 ቀን በፊት ማስታወቅን ይጠይቃል፤ ሥራ ማቆም የተከለከለባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ሆስፒታል፣ መብራት፣ ውኃ፣ የአየር ትራንስፖርት አሉ፤ እግር ኳስ የለም። ተጫዋች በደመወዝ፣ በሌላ ሰው አመራር ሥር፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ሰው ነው፤ አዋጁ ሠራተኛ ሲል የሚገልጸውም ይህን የመሰለውን ነው።

የመቐለ ተጫዋቾች ደግሞ ከማንኛውም የሥራ ክርክር የከበደ ነገር ደረሰባቸው። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ሊጉ በዚያ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲንና ስሑል ሽረን ሳይዝ በ13 ክለቦች ተካሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት ቦታቸው በሌሎች ክለቦች ተሞላ። ከሻምፒዮኑ ቡድን ተጫዋቾች የቻሉት በየክለቡ ገቡ፤ አማኑኤልም በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ታየ። መውጣት ያልቻሉት ሜዳም ደመወዝም አልነበራቸውም። በማርች 2022 እ.ኤ.አ. ፊፋ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ልዩ አባሪ አውጥቶ፣ እዚያ ያሉ የውጭ ተጫዋቾች ውላቸውን አግደው ሌላ አገር እንዲጫወቱ ፈቅዷል። አባሪው በስም የጠቀሰው ዩክሬንንና ሩሲያን ነው። ውል ሲፈረም ማንም ስለ ጦርነት ማሰብ አይፈልግም፤ ከእንግዲህ ግን በመቐለ የሚፈረም ውል ሜዳው ቢዘጋ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንቀጽ እንዲኖረው እመኛለሁ።

ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሦስቱ ክለቦች በ2017 የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለሱ ቡድን ከባዶ መሥራት ነበረባቸው። ለድራፍት ከሚቀርቡ መከራከሪያዎች ሁሉ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። ሳን ዲዬጎ አዲስ ክለብ ስለነበር የመጀመሪያ ተራ ተሰጠው፤ ከነባር ክለቦችም ተጫዋች እንዲወስድ ተፈቀደለት። ለአራት ዓመት ከሜዳ የራቀ ክለብ ተመሳሳይ ድጋፍ አይገባውም? ይገባዋል። ጥያቄው ከማን ኪስ የሚለው ነው። በድራፍት ከሆነ ክፍያው የሚወጣው ከ18 ዓመት ልጅ ነጻነት ነው፤ ሰፈሩ ኲሓ የሆነ ልጅ አርባ ምንጭ፣ አርባ ምንጭ ያደገውም መቐለ ይላካል፣ ዋጋውንም አንድ ክለብ ብቻ ይነግረዋል። ከሊጉ የጋራ ገቢ፣ በተለይ ከቴሌቪዥን ስርጭቱ፣ ለተመላሽ ክለቦች ላቅ ያለ ድርሻ ቢሰጥ ግን ሸክሙ በሁሉም ክለቦች ይከፋፈላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጣሪያም ቢሆን፣ ወለልም ቢሆን፣ ለደካማ ክለብ የሚደረግ ድጎማም ቢሆን ተጫዋቾች ባሉበት ጠረጴዛ ይወሰን እላለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡትም ካልተፈረመው ልጅ ድርሻ ቆርጠው የራሳቸውን እንዳያሳድጉ፣ ከ2011ዱ የኤንኤፍኤል ስምምነት ተምረው፣ የጀማሪውን ዝቅተኛ ደመወዝ ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች አንዱ ቢያደርጉት።

ሕጉ ለዚህ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። በአዋጁ መሠረት አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው 10 ሰው ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለውድድር ዘመኑ ከ20 በላይ ተጫዋች ያስመዘግባል።